የበሩ ላይ ቅምሻ

ሊይዙኝ የመጡ ቀን የአንድ ሰው መታወቂያ ላሚኔት እያደረግሁ ነበር። ሱቄ ከባሮ ድልድይ ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ አዲስ ስልክ ለገዛ ሰው ፌስቡክ እከፍታለሁ። በአንድ ግድግዳ የምትዋሰነኝ የባለቤቴ ምግብ ቤት ናት። ሁለት ፖሊሶች ገቡ። አንደኛው ላቡን በቆቡ እየጠረገ "ፌስቡክ ላይ ትጽፋለህ?" አለኝ።

"አልፎ አልፎ።"

"ተነስ፣ እንሂድ።"

"ማሽኑን ልንቀለው?" አልኩ። ሁለቱ ተያዩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠብቁ አይመስሉም ነበር። "ንቀለው" እስኪሉኝ ድረስ መታወቂያው ማሽኑ ውስጥ ቀርቶ የተቃጠለ ላስቲክ መሽተት ጀመረ። የመታወቂያው ባለቤት በሩ ላይ ቆሞ አንዴ እኔን፣ አንዴ ማሽኑን ያያል። በባጃጅ ወደ ጣቢያ ሲወስዱኝ መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለዚያ ሰውዬ ፎቶ ነበር፤ ቀልጦ ይሆን እያልኩ። ስለ ራሴ መጨነቅ የጀመርኩት ቀበቶዬን አውልቅ ሲሉኝ ነው።

ምን እንደጻፍኩ ልናገር። በዚያ ክረምት ባሮ ሞልቶ የታችኛውን ሰፈር አጥለቅልቆት ነበር። ውሃው ወደ ቦታው ሲመለስ ሰው በትውከትና በተቅማጥ መውደቅ ጀመረ። የጤና ሠራተኞች በድምፅ ማጉያ እየዞሩ "ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ" ይሉ ነበር። ማን ይሰማቸዋል? ከተማው የሚሰማው አንድ ሰው ነበር፤ "ባለ ላይቩ" ነበር የምንለው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ረጅም፣ ሲናገር እያሳቀ የሚያስለቅስ ልጅ ነው። ሰው ከሥራ ሲወጣ ስልኩን ድልድዩ ላይ ደግፎ ላይቭ ይገባል። ስለ ሥራ አጡ ወጣት፣ ስለ ፈረሰው መንገድ፣ ስለ ባለሥልጣን መኪና ይናገራል። እውነት የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ ይህን አልክድም። እኔም ሥራ ሲቀዘቅዝ አየዋለሁ።

አንድ ቀን ታዲያ እንዲህ አለ፤ "ውሃ፣ ውሃ ይሉናል። አንዳንድ ሴቶች ድስታቸው ውስጥ ምን እንደሚጨምሩ እኛ እናውቃለን። ከየት እንደመጡም እናውቃለን።"

ይኸው ነው፤ ስም አልጠራም። ነገር ግን መናኸሪያው አካባቢ ዓሣ የምትሠራ የደገኛ ልጅ ማን እንደሆነች ለማወቅ ስም አያስፈልግም። ከየት እንደመጣች ከተባለ ደግሞ ባለቤቴ የመጣችው እዚሁ አጠገባችን ካለችው ከአቦቦ ነው፤ በሚኒባስ። ወላጆቿ ሰፈራ ሲመጡ እሷ ገና አልተወለደችም። ደጋ የሚባለውን አገር በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ ብርድ አትችልም። በማግሥቱ ወንበሮቿ ባዶ ሆኑ። በሣልስቱ ድንጋይ ጣሪያዋ ላይ አረፈ።

በጣም ተናደድኩና ጻፍኩ። "ባለቤቴ ከዚሁ ድስት ለእኔም ታቀርብልኛለች። ሰው የታመመው በውሃው ነው። የሰፈሩ ፓምፕ ከተበላሸ ቆይቷል፣ የሚመለከታቸውም ያውቃሉ።" የታሰርኩት በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይሁን በመጨረሻው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

መርማሪው ትሑት ሰው ነበር። ወንበር ሰጠኝ።

"ሕዝብ አሸብራችኋል" አለኝ።

"እኔና ማን?"

የባለ ላይቩን ስም ጠራ። የተሳሳተ መሰለኝ። "እኔ እኮ እሱ የተናገረው ሐሰት ነው ያልኩት ሰው ነኝ" አልኩት።

"እሱም አንተ የጻፍከው ሐሰት ነው ይላል። ሁለታችሁም ስለ በሽታው አውርታችኋል። ሁለታችሁም ሰው አነሳስታችኋል።" እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ከኋላችሁ ያለው ማነው?"

ከኋላችን! የሚስቴን ጣሪያ በድንጋይ ያስደበደበብኝ ሰው እና እኔ ከኋላችን አንድ ሰው ቆሞልናል። ዞር ብዬ ላየው ምንም አልቀረኝም ነበር። ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ማስረዳቴ ራሱ እየተወሳሰበ ሄደና መጨረሻ ላይ እኔም ማን ምን እንዳለ ጠፋብኝ።

የወሰዱኝ ክፍል ድሮ መጋዘን የነበረ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ነው። ከበላዩ የማንጎ ዛፍ አለ። ፍሬው ሲወድቅ ጣሪያው እንደ ጥይት ይጮሃል፣ አዲስ የገባ ሰው ይደነግጣል፣ የቆዩት ይስቃሉ። እኔም ደነገጥኩ፣ ሳቁብኝ። ሙቀቱ የውጭውን ሙቀት አይመስልም፤ ከሰው የሚወጣ፣ እርጥብ ሙቀት ነው። ላብ፣ የእግር ሽታ፣ የትናንት ወጥ። በብረት የተፈረገረገች አንዲት መስኮት የግቢውን በር ታሳያለች።

አንድ ሽማግሌ ተነስተው ጫማዬን የት እንደማስቀምጥ አሳዩኝ። የክፍሉ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። ፑኝዶ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ፣ የመካነ ጸሎታቸው ሽማግሌ የሆኑ ሰው ናቸው። ለልጃቸው ሊልኩ ያሰቡት የድምፅ መልእክት በስህተት ለመዘምራኑ ግሩፕ ሄዶባቸው ነው የታሰሩት። ምን ብለው እንደነበር አልነገሩንም፤ ስለ አንድ ባለሥልጣን ሆድ መሆኑን ግን ከአሳሳቃቸው ገምተናል።

"ምግብ መሃል ነው" አሉኝ። አማርኛቸው አጭር አጭር ነው። "ለብቻ መብላት የለም። ብስኩት እንኳ፣ የለም።"

ከዚያ ጥጉ ላይ ያየሁት እሱን ነው፤ ባለ ላይቩን። ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀምጧል። ስልኩን ወስደውበታል፤ አውራ ጣቱ ግን ጭኑ ላይ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ይሄዳል። ሲያየኝ ጣቱ ቆመ።

"ጎረቤት፣ ሰላም ነህ?" አለኝ።

ምን ብዬ ልመልስ? ይህ ሰው የባለቤቴ ደንበኛ ነበር። የዓሣ ራስ ይወዳል፤ እሷም ለእሱ ብላ ታስቀምጥለት ነበር። "ሰላም ነኝ" አልኩት፤ ከልማድ ይመስለኛል። ከዚያ ቁጣው መጣ። "ምን አድርጋህ ነው?"

"ማን?"

"ባለቤቴ ናታ!"

"እኔ ስለ እሷ አላልኩም። 'አንዳንድ' ነው ያልኩት። ቪዲዮውን እየው፣ ስም አልጠራሁም።" በእውነት የተበደለ ይመስል ነበር። ልመታው እጄን ጨበጥኩ፤ ሽማግሌው መሃላችን ገብተው ተቀመጡ። እኔም ዛሬ ስሙን የማልጠራው በቀል እንዳይመስልብኝ ነው። ስም አለመጥራት እንዲህም እንዲያም እንደሚሆን ያወቅሁት ከእሱ ነው።

በጣቢያው ልማድ ምሳ ከየቤቱ ይመጣል። ያመጣችው ሴት በሩ ላይ ክዳኑን ትከፍታለች፣ ዘቡ "ቅመሺ" ይላታል፣ ቀምሳ ትሰጣለች። ሁሉም እናት፣ ሁሉም እህት ትቀምሳለች፤ ማንም ቅር አይለውም። ምግቡን ከበሩ ተቀብሎ ወደ ክፍሉ የሚያመጣው ደግሞ የክፍሉ ኃላፊ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ግቢውን አያቋርጥም።

ባለ ላይቩ ገና በማግሥቱ ሽማግሌውን "አባባ፣ አንተን ማን መረጠህ?" አላቸው። በእኛ ከተማ አማርኛ "እርስዎ" ብዙም አይሰማም፤ ንቀትም አይደለም።

"ማንም" አሉ ሽማግሌው። "ቀድሜ ታሰርኩ። እሱ ነው።"

"ታዲያ ይሄ ዲሞክራሲ ነው? እንምረጥ!"

ተነስቶ ንግግር አደረገ። እንዴት ያለ ንግግር! ከሰዓት በኋላ በሩ እንዲከፈት እጠይቃለሁ አለ። ውሃው እንዲጨመር፣ ለቤተሰብ የምንደውልበት ስልክ እንዲሰጠን። ስለ እያንዳንዳችን ተናገረ። ስለ እኔም "ይህ ወንድማችን ሱቁን ክፍት ትቶ ነው የመጣው" አለ፤ ሳላስበው ራሴን ነቀነቅሁ። ሽማግሌው ምን እንደሚሠሩ ሲጠየቁ "ምግቡን አመጣለሁ" ብቻ አሉ።

እጅ ሲወጣ የእኔም እጅ ወጣ። ለማን? ለእሱ። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት እስከ ዛሬ ትስቃለች፤ እኔ ግን ያኔም አሁንም ግራ ይገባኛል። አልረሳሁትም እኮ ማን እንደሆነ። የባለቤቴ ጣሪያ ላይ ያረፈውን ድንጋይ እያሰብኩ ነበር እጄን ያነሳሁት። ሽማግሌውም ለእሱ እጃቸውን አነሱ። በኋላ ለምን ብዬ ብጠይቃቸው "ጉልበቴ ያመኛል" አሉኝ።

ምሳ ሰዓት ዘቡ "ኃላፊ! ምሳ!" ብሎ ጮኸ። ባለ ላይቩ ተነሳና በመስኮቷ አየ። ከመንገዱ ማዶ፣ ኒም ዛፉ ጥላ ሥር፣ ወጣቶቹ ቆመዋል፤ የእሱ ተከታዮች። ስልካቸውን አንስተው "ይፈታ! ይፈታ!" ይላሉ። በሩ ላይ ደግሞ ባለቤቴ በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ይዛ ቆማለች። ባለ ላይቩ ተመልሶ ተቀመጠ።

"አባባ፣ ዛሬ አንተ ሂድ" አለ።

ሽማግሌው እያነከሱ ሄዱ። ከዚያ በኋላም እሳቸው ሆኑ የሚሄዱት፤ ኃላፊው ግን እሱ ነበር። በሩ አልተከፈተም፣ ውሃውም አልጨመረም። ማንም ግን አልጠየቀውም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

በመስኮቷ የማየው ነገር ነበር የሚያቃጥለኝ። ሌሎቹ ሴቶች ሲቀምሱ ማንም አያያቸውም። የእሷ ተራ ሲደርስ ልጆቹ መንገዱን ተሻግረው ይመጣሉ። ዘቡ "ቅመሺ" ሲላት ስልኩ ሁሉ ወደ አንገቷ ይዞራል። "ዋጠች?" ይላል አንዱ። "አልዋጠችም! ምላሷ ሥር ነው!" ይላል ሌላው። እሷ ታኝካለች፣ ትውጣለች፣ ድስቱን ለሽማግሌው ታስረክባለች፣ ትሄዳለች። ከኋላዋ "መርዝ! መርዝ!" ይላሉ።

አንድ ቀን ዘቡ ለጥቂት ጊዜ በብረቱ በር በኩል እንድናወራ ፈቀደልን።

"አትምጪ" አልኳት። "የምንበላው አናጣም።"

"ካልመጣሁ እውነት ነው ይላሉ።"

"ብትመጪስ ምን ይላሉ?"

"ቢሉም እያዩኝ ይበሉ" አለችኝ። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ፈራሁላት። ልጠብቃት የማልችልበት ቦታ ሆኜ እኔን ለመመገብ ስትል እንዲህ መሆኗ ከእስሩ በላይ አሳመመኝ።

ባለ ላይቩ መሃል ከሚቀመጠው ምግብ አይበላም ነበር። ሆዴን ያመኛል ይላል። ከውጭ የሚጮኹለት ልጆች ለስላሳና ብስኩት ይልካሉ፣ በሩ ላይ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። ምግብ ያመጣለት ሰው አላየሁም። እናቱ ከወንዙ ታች ያለ ገጠር ናት፣ በጎርፉ መንገዱ ተቆርጧል። ብስኩቱን እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይሰብረዋል፤ ድምፁን ሁላችንም እንሰማለን። ሽማግሌው ሰምተው እንዳልሰሙ ይሆናሉ።

ብስኩቱ ሲያልቅ አንድ ቀን ወደ መሃል ተጠጋ። ድስቱን አየው።

"የዓሣው ራስ አለ?" አለኝ፤ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ።

ነበር። ባለቤቴ ለምን እንደጨመረችው አላውቅም፤ እኔ የዓሣ ራስ አልበላም። ወደ እሱ ገፋሁለት። አጥንቱን አንድ በአንድ እየመጠጠ በላው፤ ጣቶቹን ላሰ። ጠበቅሁት፣ ከዚያ ጠየቅሁት።

"ያልከውን ታምነዋለህ?"

"የቱን?"

"የድስቱን።"

"ስናገር አምናለሁ" አለ። "መጀመሪያ ቀን እኮ 'ውሃው ነው' ብዬ ላይቭ ገብቼ ነበር። አይተኸዋል?"

"አላየሁም።"

"ማንም አላየውም። እናቴ ብቻ ላይክ አደረገች። ኮሜንት ላይ አንዱ ስለ ድስት ጻፈ፤ ሁሉም እሱን ሼር አደረጉ። በማግሥቱ እኔም አልኩት።" እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። "አንተ እኔ የምመራቸው ይመስልሃል። እነሱ ናቸው የሚነዱኝ። የሚሉትን አነባለሁ፣ እሱኑ መልሼ እላቸዋለሁ።"

"እንግዲያው ንገራቸው። በመስኮቷ ጩህና ንገራቸው፣ በላሁ በላቸው።"

"ተገዛ ይሉኛል።"

ሽማግሌው ከጥጋቸው ሆነው "እዚህ መብላት ቀላል ነው" አሉ። ወደ ማንም አላዩም።

በሚቀጥለው ቀን ባለቤቴ ክዳኑን ስትከፍት ከልጆቹ መሃል አንዱ የውሃ ጠርሙስ ወረወረ። እጇን መታት፤ ድስቱ ተገለበጠ። ከበሩ ወዲህ አፈሩ ላይ ዓሣው ተበተነ። ሁሌ ቄራው ጋ የሚውሉት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ወዲያው ወረዱና ለቀሙት። በመስኮቷ ቆሜ አያቸው ነበር፤ አንዱም አልታመመም። ይህን ግን ማንም አልቀረጸውም።

አዛዡ ከሰዓት በኋላ መጥቶ "ነገ ሁከት ከተነሳ ለማንም ከውጭ ምግብ አይገባም" አለ። የምንኖረው በዚያ ምግብ ነው፤ መንግሥት የሚሰጠው ዳቦ ከልጅ መዳፍ አይበልጥም። የክፍሉ ሰዎች ወደ እኔ አዩ። ምንም አላሉኝም። ነገ እንዳትመጣ ላክባት ሊሉኝ እንደፈለጉ ግን ገብቶኛል፤ ቢሉኝም አልፈርድባቸውም። እኔም እንዳትመጣ ፈለግሁ። እንድትመጣም ፈለግሁ። ሁለቱን አንድ ላይ መፈለግ ይቻላል ወይ አትበሉኝ፣ ያን ቀን ቻልኩ።

መጣች። እጇ በጨርቅ ታስሯል። በሩ ፊት የቆመው ሰው ከሌላው ቀን ይበዛል፤ መንገድ ዳር ያለ የድንጋይ ክምር ላይ የወጣም ነበር። ዘቡ "ኃላፊ! ምሳ!" አለ፤ ድምፁ ቀጠነ።

ባለ ላይቩ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ሽማግሌው ጉልበታቸውን እያሹ ግድግዳውን ያያሉ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ማንጎ ጣሪያውን መታ፤ ማንም አልሳቀም። ባለ ላይቩ የአንዱን ነጠላ ጫማ አጠለቀና ወጣ።

ልጆቹ ሲያዩት ጩኸቱ ግቢውን ሞላው። ስልክ ሁሉ ተነሳ። እኔ ያኔ ያየሁት ጀርባውን ነው፤ ቀና አለ። ሲወጣ ጎብጦ ነበር፣ በሩ ጋ ሲደርስ የድልድዩ ሰውዬ ሆኗል። ይሄ ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚያደናግረኝ።

ዘቡ "ቅመሺ" አላት።

ባለቤቴ በደህናው እጇ ክዳኑን ከፈተች። የእሷ እጅ ከመግባቱ በፊት የእሱ ገባ። የዓሣውን ራስ አወጣው። ቆሞ፣ እንደ ልማዱ፣ አጥንቱን እየመጠጠ በላ። ጊዜ ወሰደ። ከፊት ያሉት ዝም አሉ፤ ከኋላ ያሉት ምን እንደተፈጠረ ስላላዩ "ይፈታ!" ማለታቸውን ቀጠሉ። አንድ ድምፅ "አትብላ! ወንድማችን፣ አትብላ!" አለ፤ ልቅሶ የቀረበው ድምፅ። እሱ በላ። ጣቱን ላሰ።

"ጨው አንሶታል፣ እህቴ" አላት።

"ነገ እጨምራለሁ" አለችው።

ዘቡ ተገላገልኩ ብሎ "በቃ፣ ተቀምሷል፣ ስጪው" አለ። እሷ ድስቱን አልለቀቀችም።

"የኔ ቀርቷል" አለች። "ሕጉ እኔ እንድቀምስ ነው።"

እሱ ካወጣበት ቦታ ቀጥሎ ቆረሰች። አኘከች፣ ዋጠች። ከዚያ ቀና ብላ ስልክ የያዙትን አየቻቸው፣ አንድ በአንድ፣ የምታውቃቸው ነበሩ፣ ግማሾቹ በዱቤ የበሉ ደንበኞቿ ናቸው። አንዳንዱ ስልኩን ዝቅ አደረገ። አንዳንዱ አላደረገም። ድስቱን ሰጠችውና ዞራ ሄደች፤ መንገድ ለቀቁላት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን የለም፤ መስኮቷን ይዤ አለቀስኩ።

እሱ ለተሰበሰቡት ምንም አልተናገረም። "ውሸት ነበር" ቢል ይበቃ ነበር፤ አላለም። ድስቱን አምጥቶ መሃል አስቀመጠ። ጎኔ ተቀመጠና በጆሮዬ "እንዴት ነበር?" አለኝ።

እንዴት ነበር! የፈራ ሰው ጥያቄ ነው? ወይስ መድረክ ላይ ወጥቶ የወረደ ሰው? "ጥሩ ነበር" አልኩት።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየንም። አንድ ጠዋት በሩን ከፍተው "ሂዱ" አሉን። "ጉዳያችንስ?" ብዬ ጠየቅሁ። "የምን ጉዳይ?" አለኝ ዘቡ። የመታወቂያው ባለቤት ሱቄ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ፊቱ ቀልጧል፤ የመታወቂያው ማለቴ ነው። በየኬላው ምን ሲሉት እንደከረሙ ነግሮኝ አንድ ላይ ሳቅን።

ቪዲዮው ተሰራጭቷል። አንዱ ፖሊስ አስገድዶት ነው ብሎ ጽፎበታል። ሌላው ሰውዬው እሱ አይደለም፣ በኮምፒውተር የተሠራ ነው ይላል። ሌላው ስንት ተከፈለህ ይለዋል። እንዲህ ሆኖም፣ ቀስ በቀስ፣ ሰው ወደ ምግብ ቤቷ ተመለሰ። በቪዲዮው አምኖ ይሁን ስለራበው አላውቅም። ባለቤቴን ስጠይቃት "ስለራበው ነው" ትላለች። ባለ ላይቩስ ያን ቀን ለምን በላ ብዬ ስጠይቃትም መልሷ ያው ነው።

ከእስሩ የተረፈ አንድ ልማድ ነበራት። ሳህን ከማቅረቧ በፊት በደንበኛው ፊት ትቀምሳለች። ማንም አላዘዛትም። "ተዪ" ስላት "ምን አደረግሁ?" ትለኛለች፤ እጇ በራሱ ነው የሚሄደው።

እሱም ይመጣል፤ ጥጉ ላይ ይቀመጣል፣ የዓሣውን ራስ ይበላል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ስለዚያ ነገር አንስተን አናውቅም። በቅርቡ ቤንዚን ጠፋና ድልድዩ ላይ ቆሞ ላይቭ ሲገባ ሰማሁት። "አንዳንድ ነጋዴዎች የት እንደሚደብቁት እናውቃለን" አለ። "ከየት እንደመጡም እናውቃለን።" ስልኩን ለባለቤቴ አሳየኋት። እስከ መጨረሻው ሰምታ ስልኩን መለሰችልኝ።

በማግሥቱ ለምሳ መጣ፣ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ዓሣውን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች። አልቀመሰችም።

ቀና ብሎ አያት። "ዛሬ አልቀመስሽም" አላት፤ ቀልድ አስመስሎ።

"አልቀመስኩም።"

"ምነው?"

"እመነኝ፣ ወይም ተነስ" አለችው።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ኮሜንቱ ነው መሰለኝ። ሳህኑን እያየ ቆየ። እኔ ማሽኔ እንደሞቀ ትቼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ከዓሣው ራስ ጀመረ። ነገ ድልድዩ ላይ ምን እንደሚል አላውቅም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። እሷ ግን እስኪበላ ቆማ አልጠበቀችም። ወደ ጓዳ ገብታ የሚቀጥለውን ሳህን ይዛ ወጣች፣ ለአንድ ለማናውቀው መንገደኛ አቀረበች። እሱንም አልቀመሰችም።